የቀብር ቀን ኪኒን

አባቴን መጀመሪያ የጠበበው ጫማው ነው። ዕድሜ ልኩን ግንበኛ ስለነበረ ድንጋይ ወድቆበት ይሆናል ብሎ እግሩን ሞቅ ባለ ውሃ ዘፈዘፈውና ተወው። ቀጥሎ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ወደ ቤታችን የሚያወጣውን ዳገት ሲወጣ መቆም ጀመረ። ሦስት ቦታ ይቆማል፤ ወፍጮ ቤቱ ጋ፣ የመብራት ምሰሶው ጋ፣ የጎረቤታችን አዲሱ አጥር ጋ። ደከመኝ ግን አይልም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አጥሩን ያያል።

"ይሄ ግንብ ውሃ ልኩን ስቷል" ይለኛል።

እኔም አብሬው ቆሜ አያለሁ። ስለ አንድ አጥር በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ ያንኑ ሲለኝ ነው ትንፋሹ እስኪመለስለት እየጠበቀ መሆኑ የገባኝ።

ሆስፒታል ወሰድኩት። "ልቡ ደክሟል" አለችኝ ሐኪሟ። "ደሙን እንደ ድሮው መግፋት አቅቶታል። ስለዚህ ውሃው እግሩና ሳንባው ላይ እየተጠራቀመ ነው። ይድናል አልልህም። ከተንከባከባችሁት ግን ከበሽታው ጋር ይኖራል።" ካዘዘችለት መድኃኒቶች ዋናዋ ጠዋት ጠዋት የምትዋጥ ትንሽ ነጭ ኪኒን ነበረች። ሥራዋ የተጠራቀመውን ውሃ በሽንት ማስወጣት ነው።

"ከተንከባከባችሁት" ያለችው እኔን ነው። እናቴ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗት ነበር፤ እህትም ወንድምም የለኝም። ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጬ ማዞሪያው አጠገብ ባለች አንዲት ኮንቴይነር ውስጥ ሞባይል እጠግናለሁ። ይህንንም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የተበላሸ እየፈታሁ፣ ያገኘሁትን እያነበብኩ ነው የለመድኩት። የአባቴንም በሽታ በዚያው መንገድ ያዝኩት። በየመድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ ያለውን ወረቀት አነበብኩ። ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ሽፋኑ የተገነጠለ የነርሶች መማሪያ ገዛሁና መዝገበ ቃላት ይዤ የልቡን ምዕራፍ ሁለት ጊዜ ጨረስኩት። በሽተኛው በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ልብስ፣ ከሸና በኋላና ከመብላቱ በፊት መመዘን አለበት። የእግሩ አጥንት ላይ በአውራ ጣት ጫን ብሎ ጉድጓዱ እስኪሞላ መቁጠር ያስፈልጋል። በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ከጨመረ ሥጋ አይደለም፤ ውሃ ነው።

ከመርካቶ ያገለገለ ሚዛን ገዛሁ። ደብተር አሰመርኩ። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ አባቴ በቁምጣና በካናቴራ ሚዛኑ ላይ ይቆማል፤ ልክ አንድ ተኩል ሲል ኪኒኗን ከግማሽ ብርጭቆ ውሃ ጋር እሰጠዋለሁ።

"አንድ ተኩል ከአምስት ቢሆንስ ምን ይመጣል?" ይላል።

"አንድ ተኩል ነው።"

"እሺ፣ ሲስተር።"

ስሜን ትቶ ሲስተር ማለት ከጀመረ ቆይቷል። ሰው ፊትም ይለኛል። ጎረቤቶች ይስቃሉ፤ እኔ ግን አልተቀየምኩም።

ከሁሉ የከበደን ጨው ነበር። ወጡን ያለ ጨው እሠራዋለሁ፤ እግሩ ግን ማበጡን አልተወም። ቆይቼ ነው ሽሮው ሲፈጭ ጨው እንደገባበት የገባኝ። በርበሬውም እንደዚያው ነው። ሁለቱንም ለጎረቤት ሰጥቼ ያለ ጨው አዲስ አስፈጨሁ። መጀመሪያ የቀመሰ ዕለት ጉርሻውን አፉ ውስጥ ይዞ ረጅም ጊዜ አየኝ።

"ይሄ ሽሮ ነው?"

"ሽሮ ነው።"

"አይ፣ ለልስን ይሆናል።"

በላው ግን። በዚያ ዓመት ያልኩትን ሁሉ ያደርግ ነበር፤ ወይም ያደርግ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ በእድራችን ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ የድንኳን ኃላፊ ነበር። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊው ገና ሳይነጋ በየመንደሩ እየዞረ የሟቹን ስም ይናገራል። አባቴ ያን ድምፅ ሲሰማ ተነሥቶ ጥቁር ኮቱን ይለብሳል። ድንኳኑ የሚተከልበትን ቦታ የሚመርጠው እሱ ነው። ግንበኛ ስለሆነ መሬቱ ወዴት እንደሚያጋድል በዓይኑ ያውቃል፤ እሱ ያስተከለው ድንኳን ውስጥ ክረምትም ቢሆን ለቀስተኛው እግር ሥር ውሃ አይገባም። ከታመመ በኋላ ምሰሶና ካስማ መሸከም ተወ። መሐሉን ምሰሶ ይዞ ይቆምና ወጣቶቹን ያዝዛል። "አንተ፣ ገመዱን ሳብ እንጂ! እናትህ ጓዳ ያለህ መሰለህ?" ይላል። ቀብሩ ስድስት፣ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ ለቀስተኛው ወደ ድንኳኑ ይመለሳል፤ ንፍሮ ይቀርባል።

መቆም ሥራ አይደለም ብዬ አልከለከልኩትም። ንፍሮው ግን ጨው ስላለበት እንዳይቀምስ አስማልኩት። እሱም ማለልኝ።

ደብተሬ ላይ ግን ኪሎው እየዘለለ መጣ። ሁለት ሳምንት ደህና ይከርምና በአንድ ቀን ኪሎ ተኩል ይጨምራል። የሚጨምርበትን ቀን እያየሁ ስመረምር ሁሉም የቀብር ማግሥት ሆኖ አገኘሁት። ንፍሮውን ጠረጠርኩ። ከአባቴ ተደብቄ ንፍሮ ከሚያቀርቡት አንዷን ጎረቤታችንን ጠየቅኩ።

"ኧረ በመድኃኔ ዓለም! አንዲት ፍሬ አይነካም። ሰሃኑ ሲደርሰው ለጎኑ ሰው ነው የሚያሳልፈው። ምነው፣ አባትህን ሌባ አደረግከው?"

አፍሬ ተመለስኩ። ኪኒኗ አንድም ቀን አልተዘለለችም፤ በእጄ ነው የምሰጠው፤ የተረፉትንም ስቆጥር ልክ ይመጡልኛል። ስለዚህ በሽታው ራሱ እየባሰ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ በገባ ሰሞን፣ በተከታታይ ሁለት ቀን ሁለት ቀብር ሆነ። በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ሳሉ ቀሰቀሰኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሏል። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ የሚተፋው አክታ ሮዝ አረፋ ነበረው። አረፋው ምን ማለት እንደሆነ ከመጽሐፉ አውቅ ነበር። የጎረቤታችንን ላዳ አስነሥተን ወሰድነው። በታክሲው ውስጥ ጭንቅላቱን በመስኮቱ አውጥቶ አየር ሲስብ የነበረው ድምፅ ዛሬም ከጆሮዬ አይጠፋም።

ኦክስጅን አደረጉለት፤ መርፌ ወጉት። የሽንቱ ከረጢት እስከ ቀትር ሁለቴ ሞላ። ስድስት ቀን ተኛ። ሐኪሟ ወደ ኮሪደሩ ጠራችኝ።

"መድኃኒቱን ይወስዳል?"

"በእጄ ነው የምሰጠው" አልኳት። "አንዲት አልጎደለችም።"

ይህን ስናገር ኩራት ተሰምቶኝ እንደነበር መካድ አልችልም።

"እንግዲያስ ስማኝ" አለችኝ። "እንዲህ ያለ ጎርፍ አንዴ ከደገመው እኔ እመልሰዋለሁ ብዬ ቃል አልገባልህም።"

ከሆስፒታል በወጣ ማግሥት ልብሱን ላጥብ ሰበሰብኩ። የጥቁር ኮቱ የውስጥ ኪስ ጠንካራ ነገር ነበረው። አንዲት የጧፍ ቁራጭ፣ አንድ ቁልፍ፣ ከዚያ ደግሞ ሰባት ነጫጭ ኪኒኖች። ጠርዛቸው ሟሙቶ ከኪሱ ክር ጋር ተጣብቀዋል። ደብተሬን አወጣሁ። ኪኒኗ ከታዘዘች ጀምሮ ስምንት ቀብር ነበረ። ሰባቱን ሳይውጥ ቀርቷል፤ አንዷን ብቻ ውጧል ማለት ነው። ከምላሱ ሥር ይዟት ውሃውን ይጠጣና ከበር ሲወጣ ኪሱ ይከታታል። እኔ ደግሞ ካርቶኑ ውስጥ የተረፉትን እየቆጠርኩ ሒሳቡ ልክ ነው እላለሁ።

መዳፌ ላይ ዘርግቼ አሳየሁት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

አየው። "ከረሜላ" አለ።

"አባዬ!"

"ታዲያ እያየኸው ምን ትጠይቀኛለህ?"

"ራስህን ልትገድል ነበር እኮ።"

ከጀርባው የደረደርኩለትን ሦስት ትራስ አስተካከለ።

"አንተ አንድ ተኩል ላይ ታውጠኛለህ" አለኝ። "እኔ ሁለት ሰዓት ላይ ድንኳን ቦታ ነኝ። ይቺ ኪኒንህ እስከ አምስት ሰዓት ድረስ አራት ጊዜ ታስሮጠኛለች። ወዴት ልሩጥ? አስከሬን የተኛበት ቤት ገብቼ ሽንት ቤታችሁን አሳዩኝ ልበል?"

"ለምን አትቀርም?"

"እናትህን ማን ቀበራት?"

ኪኒኖቹን በመዳፌ ጨበጥኳቸው።

"ጠየቅኩህ እኮ። ማን ቀበራት?"

"እድሩ።"

"እድሩ ማለት ማን ነው? ሰው ነው። ዶፍ ይወርድ ነበር፤ አንድ ሰው አልቀረባትም። አሁን እነሱ ሲሞቱ እኔ ሽንቴ መጣ ብዬ ቤቴ ልተኛ?"

ከዚያ በኋላ ማድረግ የነበረብኝን ዛሬ አውቃለሁ። በየወሩ ክትትል የምናደርግባት ቤቴል ያለች ክሊኒክ ውስጥ አንዲት ነርስ ነበረች። ሄጄ እሷን ማማከር ነበረብኝ። ግን "አንዲት አልጎደለችም" ካልኩ በኋላ ሰባት ኪኒን ኪሱ ውስጥ ተገኘ ማለት አሳፈረኝ። ስለዚህ የእድሩ ሊቀመንበር ጋ ሄድኩ።

ሊቀመንበሩ ቀራንዮ መንገድ ላይ ሚስማርና ቆርቆሮ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። በእድራችን ደንብ የታመመ አባል በአባላት ፊት ስሙ ተነቦ ከቀብርና ከድንኳን ሥራ ነፃ ይሆናል። አባቴን ነፃ እንዲያደርጉልኝ ለመንኳቸው።

"እሱ ልኮህ ነው?" አሉኝ።

"አይደለም፣ ጋሼ። አያውቅም።"

መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። መድኃኒት በጀመረ ሰሞን የመጀመሪያው ቀብር ላይ፣ ምሰሶውን ይዞ ቆሞ ሳለ ሽንቱ አመለጠው። ሱሪው ላይ ታየ። አንድ ጎረምሳ በጆግ ውሃ ይዞ ሲያልፍ አየውና ሆነ ብሎ ደፋበት። 'ውይ አባባ፣ ይቅርታ፣ አላየሁዎትም!' አለ። አባትህም 'ዓይንህ ይፍሰስ፣ ደንቆሮ!' ብሎ ሰደበው። ሁለቱም ያውቃሉ። እኔም አይቻለሁ። ማንም ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ይሄን ያህል ተጠብቆ የኖረ ሰው ነው። አሁን ስሙን ላንብበው?"

የስምንተኛዋ ኪኒን ነገር እዚያ ገባኝ። የዋጣት ያን ዕለት ብቻ ነበር።

"ካልተነበበ ይሞታል፣ ጋሼ" አልኳቸው።

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። "እሺ" አሉ በመጨረሻ። "ለሕይወቱ ከሆነ እሺ።"

በወሩ መጨረሻ እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ጸሐፊው የአባቴን ስም አነበበ። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። አባላቱ ዘወር ዘወር እያሉ "እግዜር ይማርህ"፣ "አይዞህ፣ ዕረፍ እንግዲህ" አሉት። አባቴ ባርኔጣውን አንሥቶ በሁለት እጁ ይዞ እጅ ነሳ። ወደ ቤት ስንመለስ ዳገቱ ላይ ሦስቱም ቦታ ቆመ። አጥሩን አላየም። መሬት መሬት ነበር የሚያየው።

ከማግሥቱ ጀምሮ ኪኒኗን ከዋጠ በኋላ ሳልጠይቀው አፉን ከፍቶ ምላሱን ያነሣልኝ ጀመር።

"ተው፣ አባዬ።"

"እይ እንጂ። ቁጠር።"

ሲስተር ማለቱንም ተወ። ኪሎው ወረደ። እግሩ ላይ አጥንቱ ታየ። ከሦስት ትራስ ወደ ሁለት ዝቅ አለ። ደብተሬ ላይ ያን የመሰለ ወር አልነበረም። እሱ ግን ከአልጋው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ አልጋው ከመሄድ በቀር ሌላ አያደርግም። ጡሩምባው ሲያልፍ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ጎረቤቶች አልፈው ሲሄዱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ እሱን ላለመቀስቀስ ነው። እንቅልፍ ግን አልነበረውም። ከእንጀራው ግማሹን ይተዋል። ስጠይቀው "ጠገብኩ" ይለኛል እንጂ ሽሮዬን መስደብ እንኳ ትቷል።

ለክትትል ስንሄድ ነርሷ ደስ አላት።

"አባባ፣ እስቲ እግርዎን። ውይ ጎበዝ! እብጠቱ የት ሄደ?"

"ልጄን ጠይቂው" አላት።

አባቴን ለምርመራ ደም እንዲሰጥ ወደ ሌላ ክፍል ላከችውና ወደ እኔ ዞረች።

"ውሃው ሄዷል፤ ግን ሰውየው ደህና አይደሉም። ያወራሉ?"

"ብዙም አያወራም፣ ሲስተር።"

"ይወጣሉ?"

ያን ጊዜ ነው ሁሉንም የነገርኳት፤ ድንኳኑን፣ ኪሱን፣ ሰባቱን ኪኒኖች፣ ሊቀመንበሩ ጋ መሄዴን። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ለምን እኔን አልጠየቅከኝም?"

"ምን ብዬ?"

"ቀብር ያለ ቀን ምን እናድርግ ብለህ! ከቀብር መልስ ይውጧታ። ዘጠኝ ሰዓት ይሁን፣ አሥር ሰዓት ይሁን። ቀኑን አለመዝለል ነው ዋናው። ሠርግ የሚሄዱ፣ ክፍለ ሀገር በአውቶብስ የሚሄዱ በሽተኞቼ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት።"

"ጠዋት ይላል እኮ ወረቀቱ።"

"ጠዋት የሚለው ሌሊት ሽንት እንዳይቀሰቅሳቸው ነው። አንድ ተኩል ያለህ ማን ነው?"

ማንም አላለኝም። እኔ ነኝ ያልኩት። ደብተሩን ሳሰምር ለሰዓቱ የሚሆን አምድ አስፈልጎኝ ነበር።

ከቤቴል አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ሰፈራችን እስክንደርስ በሁለት ታክሲ ደብተሬን ጭኔ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ። ቤት ገብተን ኮቱን ሳወልቅለት ነገርኩት። አልጋው ላይ ተቀምጦ ሰማኝ።

"አሁን ነው የምትነግርህ?"

"አሁን ነው የጠየቅኳት።"

ሳቀ። ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው፤ ሳቁ ግን አላስደሰተኝም።

"ሊቀመንበሩ ጋ ሄጄ እነግራቸዋለሁ" አልኩት። "ስምህን ይመልሱታል።"

"ተወው።"

"ስህተቱ የእኔ ነው ብዬ..."

"ተወው አልኩህ! አንዴ አዝነውልኛል። ያዘኑለት ሰው 'ገመዱን ሳብ' ቢል ማን ይስብለታል?"

መስከረም ሲጠባ፣ አንድ ጠዋት፣ ጡሩምባ ነፊው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የምትኖር አሮጊት ማረፏን ተናገረ። እናቴ ስትሞት ሦስት ቀን ቤታችን ያደረች ሴት ናት። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አላዞረም።

"ሂድ" አልኩት። "ቆመህ ተመልሰህ ና። ኪኒኗን ስትመለስ ትውጣታለህ።"

ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበ።

"አንተ ሂድ" አለኝ።

በሕይወቴ ድንኳን ተክዬ አላውቅም። ኪኒኗን በሲኒ ማስቀመጫ ላይ፣ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ አጠገቧ አድርጌ፣ በሰዓቱ እንዲውጣት ነግሬው ወጣሁ። ድንኳኑ ጋ ስደርስ አዲሱ ኃላፊ፣ ከእኔ ብዙ የማይበልጥ ልጅ፣ አንድ ገመድ አቀበለኝ። አያያዜን አይቶ ሳቀ።

"የግንበኛው ልጅ አይደለህ? ሞባይል እኮ አይደለም፣ አትሳሳለት፣ ሳበው!"

ሳብኩት። መዳፌን ላጠው። ቀብሩ ላይ ቆሜ፣ ተመልሼ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ፣ ስለ አባቴ የሚጠይቀኝን ሰው ጠበቅኩ። ሁሉም ያውቁኛል፤ ብዙዎቹ እጄን ጨብጠዋል፤ የሚያወሩት ስለ ሟቿ፣ ስለ ሲሚንቶ ዋጋና ስለ ልጆቻቸው ነበር። ልወጣ ስነሣ ጡሩምባ ነፊው ብቻ ክንዴን ያዝ አድርጎ "አባትህስ እንዴት አደረ?" አለኝ። ደህና ነው አልኩት።

ቤት ስገባ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። አባቴ ጥቁር ኮቱን እስከ ላይ ቆልፎ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ኪኒኗ ባስቀመጥኳት ቦታ አለች። ውሃውም አልተነካም።

"አልዋጥካትም?" አልኩት። ድምፄ ሳላስበው ከፍ ብሎ ነበር።

"ከቀብር መልስ ተባለ አይደል?"

አንተ እኮ አልሄድክም ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ኮቱን አየሁና ቃሉን ዋጥኩት። ጫማውንም አጥልቋል፤ ማሰሪያውን ግን ጎንበስ ብሎ ማሰር አቅቶት እንደተፈታ ነው።

"የድንኳኑን በር ወዴት አዞሩት?" አለኝ።

"ወደ መንገዱ።"

"ወደ መንገዱ? ከጓሮ በኩል የሚመጣው ውሃ ሰተት ብሎ አይገባም? እድለኞች ናቸው ዛሬ አልዘነበም።" ትንፋሽ ወሰደ። "ሰው ነበር?"

"ብዙ።"

"ስለ እኔ የጠየቀ ነበር?"

ዕድሜዬን በሙሉ ያየሁትን እንዳየሁት የምናገር ሰው ነኝ ብዬ አስብ ነበር።

"ሁሉም" አልኩት።

"ሁሉም?"

"ሁሉም ጠየቁ። 'ድንኳኑ ያለ እሱ አልቆምም አለን' ሲሉ ነበር።"

ፊቴን አተኩሮ ያየኝ ጀመር። ግንብ ሲመረምር እንደሚያይ አየኝ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ኪኒኗን አነሣና አፉ ውስጥ አደረጋት። ውሃውን እኔ ያዝኩለት።